እርማት፦ ኮከብ ያለበት ታሮት «ዋናው» አይደለም

እህት ዓለም፣ ቅዳሜ ለገጣፎ ቡና ስንጠጣ ስለ ታሮት፣ ዕጣ ፈንታ ስለሚነበብበት ሥዕላዊ ካርታ፣ ያልሽው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። «ታሮት ስትገዛ የኮከብ ምልክት ያለበትን ያዝ፤ ከጥንት ግብፅ የመጣው ዋናው እሱ ነው፣ ሌላው ፎርጅድ ነው» አልሽኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ግን ልክ አይደለም።

ታሮት የተወለደው በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ነው። ያውም ለጥንቆላ ሳይሆን ካርታ ለመጫወት! የግብፁን ወሬ ያናፈሰው ፈረንሳዊው ኩር ደ ጄብላን ነው፤ በ1781 እ.ኤ.አ.። የጥንት ግብፆች ጽሑፍ መነበብ የጀመረው ግን ከዚያ ወደ 40 ዓመት ቆይቶ ነው። ሰውየው ምን አንብቦ እንደጻፈ እንጃለት። የትኛው ካርታ ለየትኛው ኮከብ እንደሆነ ዛሬ የለመድነውን ድልድል ያስፋፋው ደግሞ በ1888 ለንደን ላይ የተቋቋመው ጎልደን ዶውን የሚባል ምሥጢራዊ የአስማት ማኅበር ነው።

ደግሞ «ኮከብ የለበትም» ያልሽውን ራይደር ዌይት የሚባለውን የታሮት ካርታ እስቲ ቀረብ አድርገሽ እዪው። የታተመው በ1909 ነው። «ንጉሠ ነገሥት» በሚባለው ካርታ ዙፋኑ ላይ የአውራ በግ ራስ ተቀርጿል፤ ሐመል ማለት ነው። «እቴጌ» በሚባለው ካርታ ጋሻዋ ላይ የቬኑስ ምልክት አለ። «ብርታት» እና «ፍትሕ» የሚባሉት ካርታዎች 8ኛና 11ኛ ሆነው ቦታ የተለዋወጡትም አሰድና ሚዛን ተራቸውን እንዲጠብቁ ነው።

ምልክቱ በግልጽ ተስሎ እንዲታይሽ ከፈለግሽ ቶት የሚባለው ሌላ የታሮት ካርታ ይሻልሻል፤ ለእኔ ግን ሥዕሉ ይጨናነቅብኛል። ብቻ «ኦሪጅናል ነው» ላለሽ ሻጭ ጭማሪ እንዳትከፍዪ።