ፎቶ አገሩ ሲገባ

ሉክሰምበርግ ውስጥ ክለርቮ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ባለ አሮጌ ግንብ ውስጥ «የሰው ልጅ ቤተሰብ» የተባለው የፎቶ ኤግዚቢሽን በቋሚነት ተሰቅሏል። ባለፈው በጋ ሄጄ ግማሽ ቀን ዋልኩበት።

ያዘጋጀው ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ስታይከን ነው። ሉክሰምበርግ ተወልዶ በሕፃንነቱ ወላጆቹ አሜሪካ ይዘውት የተሰደዱ ሰው። ከ2 ሚሊዮን በላይ ፎቶ ታይቶ 503 ተመረጠ፤ ከ68 አገር፣ የ273 አንሺዎች ሥራ። በ1955 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ተከፈተ። ከዚያ ቅጂዎቹ ዓለምን ዞሩ፤ ከ9 ሚሊዮን በላይ ሰው አያቸው። ስታይከን ግን ሥራው ትውልድ አገሩ እንዲያርፍ ይፈልግ ነበር። እሱ በ1973 ሞተ፤ ኤግዚቢሽኑ ሙሉ ለሙሉ ክለርቮ የገባው በ1994 ነው። እኔም ስደተኛ ነኝና ይኼ አንጀቴን በላው።

መጨረሻው ፎቶ ፊት ብዙ ቆምኩ። ሁለት ሕፃናት ጀርባቸውን ሰጥተውን ከጨለማ ጥሻ ወደ ብርሃን ይወጣሉ። የአሜሪካዊው ፎቶ አንሺ የዩጂን ስሚዝ ልጆች ናቸው። አባትየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን፣ ኦኪናዋ ላይ ክፉኛ ቆስሎ፣ ሕመሙ ገና ሳይለቀው ነው ያነሳቸው።

አብዛኞቹ ፎቶዎች ሥር ግን የአንሺው እንጂ የተነሺው ስም የለም። ይሄኔ የእማዬ አልበም ትዝ አለኝ። እኛ ቤት ቡናው እስኪፈላ አልበም ይወጣል። «ይቺ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ይኼ ደግሞ ጎረቤታችን፣ ሠርጉ ዕለት ነው» ይባላል። ክለርቮ ፎቶው ቤት አለው፤ እኛ ጋ ተራኪ አለው። ተራኪው ሲያልፍ ግን ፎቶው ዲዳ ይሆናል።

ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ ከረጅም የውጭ ኑሮ አገሯ ተመልሳ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል መሠረተች። የአፍሪካና የሌላው ዓለም አንሺዎችን ሥራ አዲስ አበባ አመጣች። ትልቅ ሥራ ነው። ፌስቲቫል ግን ተከፍቶ ይዘጋል። የቤተሰብ አልበሞቻችን ጭምር የሚገቡበት ቋሚ ቤት ቢኖረን እንዴት ደስ ባለኝ!

እስከዚያው እሁድ እሁድ ለእማዬ በቪዲዮ እደውላለሁ። አልበሙን እየገለጠች ስም ትነግረኛለች፣ እጽፋለሁ። ባለፈው አንዱን ገልብጣ አሳየችኝ። ጀርባው ላይ በሰማያዊ ቀለም «ለማስታወሻ» ይላል። ከሥሩ ያለውን ስም ውሃ አጥፍቶታል። ፎቶውን መልሳ ገለበጠችና ዝም ብላ አየችው።

«ፊቱንማ አውቀዋለሁ» አለች፤ «ስሙ ነው የጠፋኝ።»