ግንቡን አድንቁ፣ እስረኛውን አታንሱ?

የአሜሪካ የአገር ውስጥ ሚኒስትር እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጡት ትዕዛዝ አሁንም ያበሳጨኛል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው)። በየብሔራዊ ፓርኩ ማስታወቂያ ተሰቀለ። የቀድሞም ሆነ የአሁን አሜሪካውያንን የሚያጥላላ ጽሑፍ ያየ ጎብኚ ኪው አር ኮዱን ስካን አድርጎ ይጠቁም ይላል። ይጠቁም! የትዕዛዙ ዓላማ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማንሳት ነው። ፍሎሪዳ፣ ሴንት ኦገስቲን ያለው የስፔን ምሽግ፣ ካስቲዮ ደ ሳን ማርኮስም ከዚህ ትዕዛዝ አያመልጥም።

ደጋፊዎቹ፣ ሰው ለሽርሽር መጥቶ ለምን ይከፋዋል፣ ውበቱን አሳዩትና ይሂድ ይላሉ።

እሺ፣ ውበቱን እንይ። ግንቡ የተሠራው ኮኪና ከሚባል ድንጋይ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት እርስ በርሱ የተጣበቀ የዛጎል ስብርባሪ ነው። የእንግሊዝ አረር ሲመታው አይሰነጠቅም፤ ዋጥ ያደርገዋል። በ1702 ከበቡት፣ በ1740 ተመለሱበት፤ አልቻሉትም። ግን ያ ድንጋይ ከማዶው ከአናስታሲያ ደሴት በራሱ እግር አልመጣም። ከ1672 ጀምሮ ከካባው እያወጡ፣ እየጠረቡ ያሻገሩት ከሚሲዮን መንደሮች የመጡ የአገሬው ተወላጆች፣ እስረኞችና በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው። ይህን ሳትናገር ስለ ግንቡ ምን ታወራለህ? ስለ ቀለሙ?

የሚያስቀኝ ግን ሌላ ነው። የምሽጉ ጀግንነት የስፔን ነው። አሜሪካ በ1821 ተረክባ ምን ሠራችበት? ሰው አሰረችበት። በ1837 የፍሎሪዳ ተወላጆች የሆኑትን የሴሚኖሎች መሪ ኦሲዮላን አስገባች፤ ያውም ለድርድር በነጭ ባንዲራ መጥቶ ነው የተያዘው። በ1875 ደግሞ ከምዕራቡ ሜዳ 72 የአገሬው ተወላጆች፣ ሻየን፣ ካዮዋ፣ ኮማንቼና ሌሎችም፣ በሰንሰለት ታስረው መጡ። ሦስት ዓመት ቆዩ። ፀጉራቸው ተቆረጠ፣ የወታደር ልብስ ለበሱ። እነሱም በሒሳብ መዝገብ ወረቀት ላይ ፈረሳቸውንና አደናቸውን እየሳሉ ለቱሪስት ሸጡ። (ያኔም ቱሪስት ነበር። እስረኛ አይቶ የተከፋ ካለ የሚጠቁምበት ኮድ አልነበረውም።) የሚጠብቃቸው መኮንን ሪቻርድ ፕራት እዚያ የሞከረውን ይዞ በ1879 የካርላይልን አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። ስንት የአገሬው ልጅ ቋንቋውን እንዲተው የተገደደው በዚያ መንገድ ነው። በ1886 ተራው የአፓቼዎች ሆነ፤ ወደ 500 ሰው፣ አብዛኛው ሴትና ሕፃን።

የማብራሪያ ሰሌዳዎቹ አንዳንዴ ደረቅ ናቸው፣ አልክድም። እንደገና ይጻፉ። ማጥፋት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጦርነትስ አልነበረም ወይ ለሚል፣ አለ። በ1861 ከአሜሪካ ሕብረት ሊገነጠሉ የተነሱት የፍሎሪዳ ሰዎች ምሽጉን ሊረከቡ ሲመጡ አንድ የአሜሪካ ጦር ሳጅን ብቻ ነበር የጠበቃቸው። ደረሰኝ ካልሰጣችሁኝ አላስረክብም አለ። ሰጡት። አንድ ጥይት ሳይተኮስ አስረከበ። እስረኞቹን ካወጣችሁ፣ ለአሜሪካ ገድል ብላችሁ የምትሰቅሉት ያንን ደረሰኝ ነው።