ለአንድ ወረቀት 4 ወይስ 8?

ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ቡና እየጠጣን ሁለት የማውቃቸው የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም፣ እሷ ገና ወጣት ናት፣ እሳቸው ደግሞ በአገልግሎት ስለሚበልጡን ጋሼ ነው የምንላቸው። እሷ ከቦርሳዋ የአንድ ዘጠነኛ ክፍል ልጅ ወረቀት አወጣችና የሰጠችውን ማርክ በእጇ ሸፍና "እስቲ ጋሼ ይረሙልኝ" አለቻቸው። ስለ ጥምቀት አንድ ፓራግራፍ ነው፣ ልጁ ጥምቀተ ባህሩ አጥር ላይ በተጠማዘዘው የዛፍ ሥር ተንጠልጥሎ፣ ውሃው ተባርኮ ሲያልቅ ጎረምሳው ከነልብሱ ዘሎ ሲገባ ያየውን ነው የጻፈው፣ በጣም ያስቃል፣ ግን ግሡ ሁሉ ዛሬና ትናንት ተደበላልቋል።

ጋሼ ከ10 4 ሰጡት። እጇን ስታነሳ 8።

"አንቺ በርኅራኄ ነው የምታርሚው፣ 12ኛ ሲደርስ ማን ያዝንለታል? በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ፐርሰንትና በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 ፐርሰንት ነው እኮ!"

"እሱ ፈተና ደግሞ መልስ ማጥቆር ነው፣ ፓራግራፍ አያጽፍም። ደግሞስ እዛ የወደቁት እኛ ጋ እያለፉ የመጡ አይደሉ እንዴ? አንድም ቀን 8 ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቁጭ ብለን ተነጋግረን እናውቃለን?"

ጋሼ ስብሰባ ሰለቸን አሉ፣ ሲፒዲ (የአስተማሪ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) በዓመት 60 ሰዓት እየተባለ ያምናውን ፖርትፎሊዮ ቀኑን ቀይረን አይደል የምናስገባው (ይሄን ሲሉ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ)። እሷ ስብሰባ አልወጣኝም፣ ማረም ሳንጀምር ስም የተሸፈነ 5 ወረቀት ሁላችንም ለየብቻ አርመን ለምን ይሄን ሰጠህ እንባባል፣ ከዛ ሌላውን እንረም ነው ያልኩት አለች።

እኔም ገባሁበት፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1912 ስታርችና ኤሊዮት የሚባሉ ሰዎች አንድ የእንግሊዝኛ ወረቀት ለ142 አስተማሪ ሰጥተው ማርኩ ከ64 እስከ 98 ተበታተነባቸው ብዬ። ጋሼ ሳቁ፣ "ይኸው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያልተፈታውን እኛ በአንድ ቡና እንፍታው?"

እኔ ግን ከእሷ ጋር ነኝ። ጋሼ ግሥ አስተምሬ ግሡን ለማየት ነው ያጻፍኩት ሲሉ፣ እሷ ሐሳቡን ለማየት ነው ስትል፣ ለካ ያንኑ ጥያቄ ለሁለት የተለያየ ነገር ነው ሲጠይቁ የከረሙት፣ ይሄ ደግሞ ሳይጨቃጨቁ በየትኛውም ስልጠና አይወጣም ነበር። ጋሼ እውነት ያላቸው ጊዜው ላይ ነው፣ 8 ሴክሽን በ60 ልጅ ይዘህ ሁሉንም ወረቀት ልትወያይበት አትችልም። 5 ወረቀት ግን ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ብቻ ሮስተር (የማርክ መመዝገቢያው) ከተሞላ በኋላ ከሆነ ዋጋ የለውም።

ወረቀቱን ለኔም ሰጡኝ። 6 አልኩ፣ ሁለቱም ተቆጡኝ።