ሃያ ሰከንድ መቆም ተከለከለ እንዴ?

እጄ ገና ብረት ብረት ይሸታል፤ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። ያው የጂማችን ሰውዬ ነው። አዎ፣ ራሱ፣ መስታወቱን የተከራየው የሚመስለው።

መቶ ኪሎ ጭኜ ዴድሊፍት እየሠራሁ ነበር፤ ብረቱን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም ማለት ነው። አንዱን አነሳሁ፣ መሬት ላይ አሳረፍኩ፣ እጄን ለቅቄ ቀና አልኩ። ሃያ ሰከንድ ያህል ተንፍሼ ሁለተኛውን ላነሳ ነው፤ ፕሮግራሜ እንደዚያ ነው፣ አምስት ጊዜ፣ በየመሀሉ እያረፍኩ። ከየት መጣ ሳልል አጠገቤ ቆሟል። «አይዞሽ እህቴ፣ ከበደሽ አይደል?» አልከበደኝም፣ በየመሀሉ አርፋለሁ አልኩት። «እረፍትማ አምስቱን ከጨረሽ በኋላ ነው» አለና ጎንበስ ብሎ በግራ በኩል ያለውን አንዱን ሃያ ኪሎ መዝዞ አወጣው። የግራውን ብቻ! በቀኝ አርባ፣ በግራ ሃያ! «በይ አሁን ሞክሪው» ሲለኝ፣ ክፍያ ለመቀበል ካልሆነ ከወንበሩ የማይነሳው አሰልጣኝ ከጥግ ሆኖ ሳቀ። እኔስ ምን አልኩ? «አመሰግናለሁ» አልኩ! ይሉኝታ እንዲህ ያዋርዳል።

እሱ ሲሠራ አይታችሁታል? ብረቱን ከወለሉ እያነጠረ፣ ወገቡን አጉብጦ፣ አሥሩን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል። ግማሹን የሚያነሳለት እኮ ንጥረቱ ነው! ብረቱ መሬት ላይ ፈጽሞ ሲቆም ነው ሥራው እንደ አዲስ የሚጀመረው፤ እግር ይስተካከላል፣ ትንፋሽ ይሞላል፣ ሆድ ይጠነክራል፣ ጀርባ ይቀናል። ጡንቻ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ከባድ ሥራ የሚያቃጥለው ክሬቲን ፎስፌት የሚባል ስንቅ በሰከንዶች ውስጥ ይመናመናል፤ ጥቂት ቆም ሲሉለት ከፊሉ ይመለሳል፣ ለመሙላት ግን ደቂቃዎች ይፈልጋል። አይስላንዳዊው ሃፍቶር ብዮርንሰን እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. 501 ኪሎ አንድ ጊዜ አንስቶ ሲያወርድ «ምነው ቆምክ፣ ቀጥል እንጂ» ያለው ሰው አልሰማሁም።

ደግሞ የሚያስቀው፣ ይኸው ሰው እዚህ ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር በረንዳ ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ከሰዓቱን ሙሉ ሲቀመጥ ማንም ስኒውን አይነጥቀውም። በጅማ ለቡና ግማሽ ቀን ይፈቀዳል፤ ለወገቤ ሃያ ሰከንድ ተነፈገኝ!

እሱ ብቻ ቢሆን እኮ እችለው ነበር። ባለፈው ጎረቤታችን እማማ «ልጄ፣ ይህን ብረት እያነሳሽ ነገ እንዴት ልትወልጂ ነው?» አሉኝ። እሳቸው በወጣትነታቸው ሙሉ እንስራ ውሃ በጀርባቸው አዝለው ዳገት ሲወጡ ኖረው ስምንት ልጅ ወልደዋል! ባጃጅ ውስጥማ የጂም ቦርሳዬን አይቶ «እህቴ ጠንካራ ነሽ፣ ትንሽ ጠጋ በይለት» ብሎ አራተኛ ሰው የሚጭንብኝን ምኑን ልንገራችሁ።

ለማንኛውም ሃያ ኪሎውን መልሼ ጫንኩት። ልክ ብረቱን ጨብጬ ጎንበስ ስል መብራት ጠፋ። በጨለማው ውስጥ የሰማሁት ድምፅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይኸው፣ ቶሎ ቶሎ ብትሠሪ ኖሮ ጨርሰሽ ነበር።»

ሌላ ጂም ሂጂ እንዳትሉኝ። ያኛው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ብረት ባሳረፍኩ ቁጥር ከታች ያለው መድኃኒት ቤት ሰው ይልክብኛል። ሐሙስ ያው እዚያው ነኝ፤ የወሩ ክፍያም ሐሙስ ነው፣ አሰልጣኙ ያን ቀን በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።