በእነሱ በር በኩል

በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት አንድ ልጅ 15 ዓመት ከ9 ወር ሲሞላው የመለማመጃ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። እኛ ሐበሾች «ፐርሚት» እንለዋለን። ከዚያ ቢያንስ 9 ወር ይጠብቃል። እስከዚያ ድረስ 60 ሰዓት ከትልቅ ሰው ጋር መንዳት አለበት፤ 10ሩ ሰዓት ማታ ነው። ልምምዱ ቅጽ ላይ ይመዘገባል፣ ወላጅ ይፈርምበታል። የልጄን 60 ሰዓት የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያልዞርንበት መንገድ የለም።

ያ ጊዜ እ.ኤ.አ. 2021 ነበር። መኪናው ውስጥ የሚዘፈነውም አንድ አልበም ብቻ ነበር፤ የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የኦሊቪያ ሮድሪጎ «ሳወር»። «ጎምዛዛ» እንደማለት ነው። 11 ዘፈን፣ ሁሉም ተደምሮ 35 ደቂቃ አይሞላም። ከቤት ወጥተን ዊተን ደርሰን እስክንመለስ ያልቅና እንደገና ይጀምራል። ልጅቷ አልበሙን ስታወጣ ገና 18 ዓመቷ ነበር። ዋናው ዘፈን ደግሞ ቀድሞ ጥር ላይ ሲወጣ 17። ስለ መንጃ ፈቃድ ነው። ወጣቷ ፈቃዷን አገኘች፤ አብረው ሲያልሙት ወደነበረው የቀድሞ ፍቅረኛዋ ቤት ግን አሁን የምትነዳው ብቻዋን ነው። እሱ ሌላ ይዟል። እሷ እያለቀሰች በሰፈሩ ታልፋለች። ይኸው ነው ታሪኩ። ይህ ዘፈን በቢልቦርድ፣ በአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ፣ 8 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ በዓመቱም የግራሚ የሙዚቃ ሽልማት አስገኘላት።

መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም። ስድብ አለው። ሁለተኛው ደግሞ ቁጣው ነው። እኛ ያደግንበት ዘፈን የከዳንን ሰው እንኳ ይመርቃል፤ ቢበዛ «ምነው ጨከንክ» ይላል። ይቺ ልጅ ግን ትጮኻለች፣ ትቀናለች፣ ስልኳ ላይ የምታያቸውን ቆንጆዎች አይታ ራሷን ትጠላለች፣ ይህንንም ሳትደብቅ ትናገራለች። «ይህን ሁሉ ሰው ፊት ይወራል?» አልኳት ልጄን። «ማሚ፣ ሁላችንም እኮ እንደዚህ ነን» አለችኝ። ይህን ካለችኝ ብዙ ጊዜ ሆነ፣ መልሷ ከሆዴ ግን አልወጣም።

የኔን ዕድሜ አስታወስኩ። በ1984 ዓ.ም. የ16 ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ጉለሌ። ቤታችን አንድ ቴፕ ነበረ። ካሴቱ ሲላላ በቢክ እስክሪብቶ አጠንጥነን እንመልሰዋለን። የዘፈን ግጥም የምጽፈው በሂሳብ ደብተሬ የኋላ ገጽ ላይ ነው። ያኔ ልቤን የሰበረው የአስቴር አወቀ ድምፅ ነበር። አስቴር በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ አልነበረችም፤ አሥር ዓመት ያህል ሆኗት ነበር አሜሪካ ከገባች፣ ዋሽንግተን ውስጥ በሐበሻ ምግብ ቤቶች እየዘፈነች። ስለዚህ እኔ ጉለሌ ተቀምጬ የማለቅስበት ድምፅ የመጣው አሁን ከምኖርበት የግማሽ ሰዓት መንገድ ከሆነ ሰፈር ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ግን አስቴር ትልቅ ሴት ነበረች። ስደት ታውቃለች። እኔ ደግሞ የማውቀው አንድ ልጅ ነበር፤ ሁለት በር አለፍ ብሎ የሚኖር። ዳቦ ግዢ ስባል አቋራጩን ትቼ በእነሱ በር በኩል ዞሬ ነበር የምሄደው። ከሌላ ልጅ ጋር ቆሞ ሲስቅ ካየሁት በኋላም ዞሬ መሄዱን አልተውኩም። ለማንም አልነገርኩም። እናቴ ዳቦው ለምን እንደዘገየ ጠየቀችኝ እንጂ ዓይኔ ለምን እንደቀላ አልጠየቀችም። ብትጠይቀኝም አልነግራትም ነበር። «አርፈሽ ተማሪ» የሚለውን አውቀዋለሁ።

ታዲያ የኦሊቪያ ዘፈን ምን ይላል? በእነሱ በር በኩል አለፍኩ ነው የሚለው። ይህ የገባኝ አንድ ማታ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ይዞን ነው። ልጄ መሪውን ይዛ አብራ እየዘፈነች፣ እኔ ከጎኗ አለቀስኩ። ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ የደረሰኝ ዘፈን ነው። የልጄ ልዩነቱ የዕድሜ እኩያዋ፣ በራሷ አፍ፣ በራሷ ቃል እየዘፈነላት መሆኑ ነው። እኔ ግን ሕመሜን ከትልልቅ ሰዎች ላይ ነበር የምዋሰው።

እህቴ አዲስ አበባ ገርጂ ትኖራለች። የሷም ልጅ የልጄ እኩያ ናት። እሷም ይህን አልበም በቃሏ ታውቀዋለች፣ በዩቲዩብ ነው የምትሰማው። መንጃ ፈቃድ በሷ ዕድሜ የማይታሰብ ነገር ነው፤ አገር ቤት 18 መሙላት አለባት፣ ሚኒባስ ነው የምትሳፈረው። እንባዋ ግን ያው ነው። ለእህቴ «ልጅሽ አዝናለች መሰለኝ፣ ጠይቂያት እስቲ» ብላት «ኧረ ተይ፣ ገና ሕፃን እኮ ናት!» አለችኝ። ተቆጣኋት። ሕፃን ስለሆነች ነው እኮ የሚብሰው! እኛ ከዚያ በኋላ ስንት ነገር አሳለፍን፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚከፋ ለይተናል። እሷ ግን የምታወዳድርበት ሌላ ሐዘን የላትም።

እዚህ አገር የቀረብንም ነገር አለ። ጉለሌ ያ አንድ ቴፕ ለሁላችንም ነበር የሚዘፍነው። ትዝታ ሲጀመር አባቴ የሞተ ወንድሙን ያስባል፣ እናቴ ጎጃም የቀረውን ቤተሰቧን፣ እኔ ደግሞ ያን ልጅ። አንዱ ዘፈን የሁላችንንም ሸክም ይሸከማል። ማንም ማንንም ሳይጠይቅ አብረን እናዝን ነበር። እዚህ ግን ሁሉም የየራሱን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቷል። የልጄ ዘፈን የልጄ ዕድሜ ልጆች ነው፣ የኔ የኔ። ያ 60 ሰዓት በሕግ ባይታዘዝ ኖሮ ልጄ ምን እንደምትሰማ መች አውቅ ነበር? ማዳመጫ ሰክቶ መንዳት ስለማይቻል ነው ድምፁ ወደ መኪናው የወጣው።

የአልበሙ የመጨረሻ ዘፈን ስለ ፍቅር አይደለም። ቤታቸው ስላልተመቻቸው የልጅነት ጓደኞቿ ነው፤ ባሉበት ደህና እንዲሆኑ ትመኝላቸዋለች። በሱ ላይ ስንደርስ ድምፁን ከፍ የማደርገው እኔ ነበርኩ።

ልጄ ፈተናውን ያለፈች ዕለት ማታ ቁልፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ወሰደች። ወተት ልትገዛ። ሱቁ አምስት ደቂቃ ነው። መስኮት ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መብራቱ ወደ ግቢ ገባ። ወተቱን ከእጇ ተቀበልኩ፣ ግንባሯን ሳምኩት። በየት በኩል እንደዞረች አልጠየቅኳትም።