ባሌስትራ ጨምር ያለኝ ሰው
እኔን ነበር መግረፍ! ለቤተሰብ ሽርሽር ብዬ ደብል ጋቢና ፒካፕ ገዛሁና አንዱ መካኒክ "ባሌስትራ (ከስር ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ሞላ) ካልጨመርክበት የገጠሩን መንገድ አይችለውም" ሲለኝ እሺ ብዬ ከኋላ በግራም በቀኝም አስጨመርኩ፣ ያ እኮ 10 ኩንታል ጤፍ ለሚጭን ነው፣ እኛ የምንጭነው ፍራሽ፣ ረከቦትና ሦስት ልጅ፣ ባዶውን እንደ ፍየል ይዘላል። ከባህር ዳር ጢስ አባይ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ እናቴ እስክንደርስ "በበቅሎ ብመጣ ይሻለኝ ነበር" ስትለኝ! የኋላውን ሸራማ አታንሱብኝ፣ ጮቄ ተራራ ላይ (ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ዝናቡ ቀልድ አያውቅም) ውሃው በስፌቱ ገብቶ አገልግሉን ከነዶሮ ወጡ አራሰው። አሁን ደሞ ባሌስትራውን ለማስወጣት ሌላ ብር ክፈል እየተባልኩ ነው፣ ያውም ሲያስገባ ከተቀበለኝ በላይ፣ ኧረ በጊዮርጊስ!