የዳኛ ዳኝነት የሚለየው በጊዜ ቀጠሮ ችሎት ነው

የጊዜ ቀጠሮ ችሎትን፣ ማለትም ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ተጠርጣሪውን አስሮ ለማቆየት ተጨማሪ ቀን የሚጠይቅበትን ችሎት፣ የተከታተለ ሰው የመርማሪ ፖሊስን አቤቱታ በቃሉ ያውቀዋል፦ «ያልተቀበልኩት የምስክር ቃል አለ፣ የቴክኒክ ማስረጃ አልመጣልኝም፣ ግብረ አበሮች አልተያዙም፤ ስለሆነም ተጨማሪ 14 ቀን ይፈቀድልኝ።» ተጠርጣሪው በበኩሉ ቋሚ አድራሻ ያለውና የቤተሰብ አስተዳዳሪ መሆኑን ገልጾ ዋስትና ይጠይቃል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይፈቀድ ይከለክላል፤ ስንት ጊዜ ሊፈቀድ እንደሚችል ግን አልወሰነም። ይህን ክፍተት የሚሞላው የዳኛው ኅሊና ነው።

ዳኛው የምርመራ መዝገቡን ገልጦ «ባለፈው በተሰጣችሁ 14 ቀን ምን ሠራችሁ? የቀሩት ምስክሮች እነማን ናቸው? ተጠርጣሪው ቢወጣ ማስረጃውን በምን መንገድ ያጠፋዋል?» ብሎ ከጠየቀ፣ መልሱንም መዝኖ ምክንያቱን ከጻፈ፣ የወሰነው ለማንም ይሁን ለማን ዳኝቷል። ሳይጠይቅ «ተፈቅዷል» ያለ ዳኛ ግን የፖሊስን ውሳኔ በፍርድ ቤት ማኅተም አጽድቆ ከመመለስ ያለፈ አልሠራም፤ ሰውዬው በመጨረሻ በነፃ ቢሰናበት እንኳ በእስር ያለፈውን ወር የሚመልስለት የለም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው የአገራችን ሰው የሚቆጨው ክርክሩ ሳይሰማ የተወሰደበት ነገር ነው። ስለዚህ የፍርድ ሐተታ ከሁሉ በፊት መጻፍ ያለበት ለተረታው ወገን ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ዳኞች ከሕግ በስተቀር በሌላ ሁኔታ እንደማይመሩ ደንግጓል። የዚህ ድንጋጌ ዋጋ ስንት እንደሆነ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አይተናል፦ ያኔ ዳኛ የነበሩት ወይዘሮ ብርቱካን ሚደቅሳ የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ እንዲለቀቁ ሲያዝዙ፣ ፖሊስ አቶ ስዬን ወዲያውኑ መልሶ አሰራቸው፤ በሙስና የተጠረጠረ ሰው የዋስትና መብት እንዳይኖረው የሚከለክል ሕግም ወጣ። ብዙዎች ከዚህ ታሪክ የዳኛ አቅመ ቢስነት ይታያቸዋል። ለእኔ ግን በዚያ ችሎት ዳኝነቱ ተፈጽሟል፤ የተሰበረው ትእዛዙን የማስፈጸም ግዴታ ነው።

ያ ስብራት ዛሬም አልተጠገነም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ፍርድ ቤት ዋስትና የፈቀደላቸው ሰዎች ሳይለቀቁ መቅረታቸውን በተደጋጋሚ ገልጿል። ፍርድ ቤቶች የመፍቻ ትእዛዝ ያልፈጸመውን የፖሊስ ኃላፊ በስሙ ጠርተው በግልጽ ችሎት ምክንያቱን እንዲያስረዳ ማድረግ አለባቸው፤ ካልቀረበም ታስሮ እንዲቀርብ ማዘዝ ሥልጣናቸው ነው፤ ይጠቀሙበት።